ገለባው የማን ነው? የሎሚ ዛፍ፣ የጓሮ አፈርና የጉዝጓዝ ታሪክ በምዕራብ ጎጃም



ዛሬ ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ ለታሪክ ተመራማሪ የሚገባ አይመስልም። የምናገረው በጓሮ ከሚበቅል የሎሚ ዛፍ ሥር ስለሚነጠፍ ገለባ፣ ሣርና ቅጠል ነው። የግብርና ባለሙያዎች ይህን «ጉዝጓዝ» ይሉታል። ምክራቸውም አጭርና ትክክል ነው፤ የዛፉ ዙሪያ ሲሸፈን እርጥበት ይቆያል፣ አረም ይቀንሳል፣ የዝናብ ጠብታ አፈሩን በቀጥታ አይመታውም፣ የተነጠፈውም ሲበሰብስ አፈሩን ያለማዋል። ይሁን እንጂ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከደምበጫም ሽቅብ እስከ ፈረስ ቤት ባለው ገጠር የሚጓዝ ሰው ሥሩ ተራቁቶ በጋውን የሚያሳልፍ የጓሮ ዛፍ ቢያይ አይደነቅም።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት «ገበሬው ግንዛቤ ስለሌለው ነው» የሚል ነው። እኔ በዚህ ንግግር የምከራከረው ይህ ምክንያት የታሪክ መሠረት የሌለው መሆኑን ለማሳየት ነው። ጉዝጓዝ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ያለው ታሪክ በዋነኛነት የዕውቀት ታሪክ አይደለም፤ የይገባኛል ታሪክ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ጥያቄ «ገበሬው ያውቃል ወይስ አያውቅም?» የሚለው ሳይሆን «ገለባው የማን ነው?» የሚለው ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ቃሉና ዛፉ

ከቃሉ ልጀምር። «ጉዝጓዝ» በግብርና መጽሐፍ የተፈጠረ ቃል አይደለም። በዓል ሲሆን ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር ለምለም ሣር ይጎዘጎዛል፤ ሙሽራ ሲገባ፣ እንግዳ ሲከበር ወለሉ ይለብሳል። መሬትን ማልበስ ማክበር መሆኑን ቋንቋችን ከጥንት ያውቀዋል። ስለዚህ የግብርና ባለሙያው ቃሉን ከቤት ወስዶ ወደ ጓሮ ሲያወጣው አዲስ ሐሳብ አላመጣም፤ ገበሬውም ቃሉን ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋውም። «አያውቅም» የሚለው ክርክር ገና ከቃሉ ላይ መላላት ይጀምራል።

ዛፉም እንግዳ አይደለም። «ሎሚ» እና «ትርንጎ» የሚሉት ስሞች ከዐረብኛው ጋር የሚዛመዱ ናቸው፤ ይህም ተክሎቹ በቀይ ባሕር በኩል ከነበረው የቆየ ግንኙነት ጋር የተያያዘ ታሪክ እንዳላቸው ያመለክታል። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጻፈው የጉዞ ታሪክ በሰሜን ገዳማት አካባቢ የሎሚ፣ የትርንጎና የብርቱካን ዝርያ ዛፎችን ይጠቅሳል። ጣፋጩ «ብርቱካን» ደግሞ ስሙን ያገኘው በዐረብኛው በኩል ከፖርቱጋል አገር ስም ነው። መንደሪን ከሁሉም ዘግይቶ በጣሊያንኛው ስሙ መጣ። እንግዲህ ከእነዚህ ዘመዳሞች መካከል በምዕራብ ጎጃም ወይና ደጋ ጓሮ ይበልጥ ሥር የሰደደው ሎሚ ነው። ለዶሮ ማጠቢያ፣ ለሳል ማስታገሻ፣ ለጥምቀት መወርወሪያ ሆኖ የኖረ ዛፍ ነው። ወደ ደጋው፣ ወደ ፈረስ ቤት ሲወጣ ውርጩ ይከብደዋል፤ ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባለው ዝቅ ያለ አገር ግን ይስማማዋል።

የዚህ አካባቢ አየር ለዛፉ አንድ ከባድ ፈተና አለው። ዝናቡ በአንድ ክረምት ይጠቃለላል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በብዛት ይወርድና ከዚያ በኋላ ረጅም በጋ ይሆናል። የሎሚና የዘመዶቹ ምግብ የሚስቡ ቀጫጭን ሥሮች በብዛት የሚገኙት በአፈሩ የላይኛው ክፍል ነው። በክረምት ያ የላይኛው አፈር ይታጠባል፤ በበጋ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ይደርቃል። አረም ለማጥፋት በዶማ ሲኮተኮትም ሥሮቹ ይቆረጣሉ። ጉዝጓዝ ሦስቱንም ጉዳት ባንድ ጊዜ ያቃልላል። ይህ ከሆነ ገለባው ለምን ከዛፉ ሥር አይደርስም?

የገለባ ይገባኛል ባዮች

የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ1995 ባሳተመው የኢትዮጵያ ግብርና ታሪክ ላይ የደጋውን ሕዝብ «የማረሻ ሕዝብ» አድርጎ ያቀርበዋል። ከእርሱ ሥራ የምወስደው ትምህርት ማረሻና በሬ መሣሪያ ብቻ ሳይሆኑ ሥርዐት መሆናቸውን ነው። በሬው መሬቱን ያርሳል፤ መሬቱ እህልና ገለባ ይሰጣል፤ ገለባው ተመልሶ በሬውን ያኖራል። በዚህ ዙር ውስጥ እህል የሰው ነው፤ ገለባ የበሬ ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ፣ በተለይም የእርሻው ሥራ በሚከብድበት በግንቦትና በሰኔ፣ አንድ ጥማድ በሬ ቆሞ ለመሥራት የሚበቃው በክምር ላይ በተረፈው ገለባ ነው።

ከበሬው ቀጥሎ የሚመጣው ግድግዳው ነው። የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋር ካልተቦካ ምርጊቱ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቤት የሚሠራ ወይም የሚያድስ ሁሉ ጭድ ይፈልጋል። ሦስተኛው እሳቱ ነው። እንጨት በራቀ ቁጥር የበቆሎ አገዳው ይማገዳል፤ እበቱም ወደ ማሳ በመሄድ ፈንታ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። አራተኛው ገበያው ነው፤ ከተሞች ባደጉ ቁጥር ገለባ የሚሸጥ የሚገዛ ዕቃ ይሆናል። አምስተኛው የመንደሩ የጋራ መብት ነው፤ እህሉ ከተነሣ በኋላ ማሳው ለከብት ሁሉ ክፍት ስለሚሆን፣ በማሳው ላይ የቀረው ቃርሚያ የባለማሳው ብቻ አይደለም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የገለባ ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ለአንድ ይገባኛል ባይ የሚበቃው ለአምስት ሲደርስ ምንም አይሆንም። የሎሚው ዛፍ በዚህ ሰልፍ ውስጥ ስድስተኛ ሆኖ ቆሟል።

ገለባና በሬ እንዴት አንድ ሥርዐት እንደሆኑ ከክፉ ቀን ታሪክ በግልጽ ይታያል። በ1887 በምጽዋ በኩል የገባው የከብት እልቂት፣ ሕዝቡ ደስታ በሽታ የሚለው፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀው። ከላይ ከላይ ሲታሰብ በሬው ሲያልቅ ገለባው ባለቤት ስላጣ ለሌላ ጥቅም ይተርፋል ያሰኛል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሬ ሲጠፋ እርሻው ቆመ፤ ሰው በእጁ በዶማ ቆፍሮ ሊዘራ ሞከረ፤ እህልም ገለባም አብረው ጠፉ፤ ረኃቡም እስከ 1892 ቀጠለ። ከዚህ የምንማረው ገለባ «ተረፈ ምርት» ተብሎ ቢጠራም በእርሻው ሥርዐት ውስጥ የሚተርፍ ነገር አለመሆኑን ነው። ከበሬው ፊት ገለባ የሚወስድ ሰው ከሚመጣው ዓመት እርሻ ላይ እየወሰደ ነው። ለሎሚው ዛፍ ገለባ የነፈገው ገበሬ የሚያሰላው ይህን ነው፤ ስሌቱም የዋህ ስሌት አይደለም።

ያለ በሬ የኖረ ምድር፤ ዘጌ

ክርክሬን ለመፈተን በሬ የሌለበት ቦታ ማየት ይገባል። እንዲህ ያለ ቦታ ሩቅ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ሰሜን ተጉዘን ጣና ሐይቅ ዳር ስንደርስ የዘጌ ልሳነ ምድር አለ። የዘጌ ትውፊት እንደሚለው የገዳሙ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም ለምድሪቱ ሦስት ተክሎችን አስገኙላት፤ እነዚህም ቡና፣ ሎሚና ጌሾ ናቸው። ሕዝቡ በእነዚህ እንዲኖር፣ ማረስና ከብት ማርባት ግን እንዳይፈቀድ ሥርዐት ተሠራ። የዘጌ ሰው ቡናውን፣ ሎሚውንና ጌሾውን ሽጦ እህል ከውጭ እየገዛ ኖረ።

ትውፊቱን እንደ ሃይማኖት ታሪክ ብቻ ካነበብነው ግማሹ ያመልጠናል። የእርሻ ሥርዐት ታሪክም ነው። ማረሻው በተከለከለበት ምድር አፈሩ አይገለበጥም። ከብት በሌለበት ምድር የረገፈ ቅጠል የሚበላው የለም። ስለዚህ በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም ዙሪያ ባለው ደን ውስጥ ቡናውና ሎሚው የቆሙት ቅጠል በቅጠል ላይ በተደራረበበት አፈር ላይ ነው። ያንን ማንም አልጎዘጎዘውም፤ ማንም ስላልወሰደው ራሱ ተጎዘጎዘ። በዘጌና በፍኖተ ሰላም ጓሮ መካከል ያለው ልዩነት የዘጌ ሰው ስለ አፈር እርጥበት የተለየ ትምህርት ማግኘቱ አይደለም። በዘጌ ለቅጠሉ ተፎካካሪ አልነበረውም፤ ያም የሆነው በሥርዐት ነው።

ይህን ስል ዘጌን እንደ ገነት ማቅረቤ አይደለም። ሥርዐቱ ዋጋ ነበረው፤ እህል ለማግኘት በገበያ ላይ መመካትን ግድ ይላል። የእህል አምራቹ ደጋ ሕዝብ ሁሉ ዘጌን ይምሰል ማለትም አይቻልም። የዘጌ ትምህርት አንድ ነው፤ አፈር የሚለብሰው የሚለብሰውን ነገር ሌላ ሰው ወይም ሌላ እንስሳ ሳይወስደው ሲቀር ነው።

አንጀኒና የአፈር መለኪያው

አሁን ከትውፊት ወደ ልኬት፣ ከጣና ዳርም ወደ ተነሣንበት አገር እንመለስ። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው የገጠር መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ አንጀኒ ይገኛል። በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር መርሐ ግብር በልዩ ልዩ ቦታዎች ካቋቋማቸው የመለኪያ ጣቢያዎች አንዱ በ1984 የተከፈተው በዚህ ነው። ተፋሰሱ 113 ሄክታር ያህል ስፋት አለው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 እና 2,500 ሜትር አካባቢ ይገኛል፤ በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። በ1986 መሬቱ በእርከን ተሠራ። ከቦታው የሚወርደው ውሃና አፈር ለዓመታት ተለካ፤ ምዕራብ ጎጃም ምን ያህል አፈር እንደሚያጣ በቁጥር መናገር ከተቻለባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ሆነ።

የመርሐ ግብሩ መሪ ሃንስ ሁርኒ በ1985 ከሌላ አገር የመጣውን የአፈር መታጠብ ማስሊያ ቀመር ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርጎ አዘጋጀው። በሰንጠረዡ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ለዛሬው ጉዳያችን ብዙ ይናገራሉ። ስለ ሽፋን በሚናገረው ክፍል ሁልጊዜ የተራቆተ መሬት 1 ተብሎ ሲወሰድ፣ ጤፍ የተዘራበት 0.25፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ደግሞ 0.001 ነው። ስለ አያያዝ በሚናገረው ክፍል ሽቅብና ቁልቁል የታረሰ መሬት 1 ሲሆን፣ ጉዝጓዝ የተደረገበት 0.6 ነው። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን ጉዝጓዝ የሚታጠበውን አፈር በ40 በመቶ ይቀንሳል ተብሎ ተገምቷል ማለት ነው። እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ሌላ ቁጥር አለ፤ 80 በመቶው በድንጋይ የተሸፈነ መሬት 0.5 ተሰጥቶታል። ድንጋይ ከጉዝጓዝ ባልተናነሰ አፈር ይጠብቃል፤ ድንጋይን ደግሞ በሬ አይበላውም።

ከዚያ ወዲህ በተካሄዱት የአፈር ጥበቃ ዘመቻዎች ጎልቶ የወጣው እርከን ነው። ጉዝጓዝ ከሰንጠረዡ ወርዶ በማሳ ላይ የእርከንን ያህል አልተስፋፋም። ለምን? የእኔ ንባብ ይህ ነው። እርከን የሚጠይቀው ጉልበትና መሬት ነው፤ ጉልበትን በዘመቻ ማሰባሰብ ይቻላል። ጉዝጓዝ የሚጠይቀው ገለባ ነው፤ ገለባ ደግሞ ከላይ እንዳየነው አስቀድሞ ባለቤቶች አሉት፤ በዘመቻ ከበሬ አፍ አይነጠቅም።

ጓሮው የማን ነው?

እስካሁን ስለ ማሳ ብዙ ተናገርሁ። የሎሚው ዛፍ ግን በማሳ ሳይሆን በጓሮ ነው፤ ልዩነቱም ከባድ ነው። ማሳው በማረሻው፣ ማረሻውም በአባወራው እጅ ነው። ጓሮው በአመዛኙ የእማወራዋ ነው። ጌሾው፣ ጎመኑ፣ ጤና አዳሙ፣ በሶብላውና ሎሚው በእርሷ ዐይን ሥር ይበቅላሉ። ከምድጃ የወጣ አመድ፣ የቤት ጥራጊ፣ የበረት ጥርጊያ፣ የጠላ አተላና የቡና አንቡላ የሚደፋው እዚያው ነው፤ የጓሮ መሬት ከማሳው ይልቅ ወፍራምና ለም የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። እናቶቻችን ለዘመናት የጓሮውን አፈር ሲመግቡት ኖረዋል፤ ይህን ግን በዜና መዋዕልም ሆነ በርስት ሰነድ የጻፈላቸው የለም።

እንግዲህ «ለሎሚው ገለባ አንጥፍ» የሚለው ምክር ለአባወራው ሲነገር የሚሆነውን እናስተውል። ምክሩ የበሬውን ቀለብ ከባለበሬው ጠይቆ ለእማወራዋ ዛፍ እንዲሰጥ ያዝዛል። ልኬቱን በግምት እናስላው። ከግንዱ በየአቅጣጫው 1.5 ሜትር ያህል የተዘረጋ ዛፍ ሥሩ ወደ 7 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢጎዘጎዝ ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል ልል ገለባ ይፈልጋል፤ ይህም በሚዛን 20 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የእርሻ በሬ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። ስለዚህ የአንድ ዛፍ ጉዝጓዝ የአንድ በሬ የሦስት ቀን ቀለብ ነው፤ የአምስት ዛፍ ጉዝጓዝ ከሁለት ሳምንት ይበልጣል። ባለሙሉ ጥማዱ ይህን ምናልባት ይችለው ይሆናል። አንድ በሬ ብቻ ኖሮት በመቀናጆ ለሚያርሰው ግን ከባድ ነው።

ጊዜውም አይገጥምም። ዛፉ መሸፈን ያለበት ዝናቡ ሲያበቃ፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። በዚያ ወራት ያለፈው ዓመት ገለባ አልቋል፤ አዲሱ ጤፍ ገና አልተወቃም። በመስከረም የሚትረፈረፈው ሌላ ነገር ነው፤ አረምና ሣር። ዘር ሳይቋጥር የታጨደ አረም፣ የአጥር ጥግ ሣር፣ ከብት የማይመርጠው የግራዋና የብሳና ቅጠል፣ የቡና ገለባ፣ ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ፤ እነዚህ ሁሉ ይገባኛል ባያቸው ጥቂት ነው። በቤት ውስጥ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል የተጎዘጎዘው ቄጤማም በማግሥቱ ተጠርጎ የሚወጣው በዚሁ ወቅት ነው። የሚያስፈልገው ከደጅ ክምር ወደ ሎሚው ሥር ጥቂት እርምጃ መውሰድ ነው።

ታሪኩ የይገባኛል ነው ስል ዕውቀት አያስፈልግም ማለቴ እንዳልሆነ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ባሉት የአዞረስ ደሴቶች በ1830ዎቹ የግንድ መበስበስ በሽታ የብርቱካን እርሻዎችን አጠቃ። ግንዱ ከአፈር በሚገናኝበት ቦታ ቅርፊቱ ይበሰብሳል፣ ሙጫ ይወጣዋል፣ ዛፉም ይሞታል። በሽታው በኋላ ወደ ሌሎች የብርቱካን አገሮችም ደረሰ። መንሥኤው በርጥብ አፈር የሚኖር ፋይቶፍቶራ የሚባል ተሕዋስ መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ መፍትሔውም ጣፋጩን ብርቱካን በሽታውን በሚችል መራራ ብርቱካን ላይ መከተብ ሆነ። ከዚያ ታሪክ ለጓሮ የቀረው ሕግ ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ነው፤ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ በዙሪያው ይተውለታል። ነጠብጣብ በሽታ የያዘው የሎሚ ቅጠልና ፍሬም ተለቅሞ ይቀበራል እንጂ እዚያው አይነጠፍም። ምስጥ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ደረቅ ገለባ ምስጡን ስለሚጠራ ድንጋዩ ይመረጣል።

ለማጠቃለል

የምዕራብ ጎጃም ጓሮ ታሪክ የሚያስተምረን የተራቆተ አፈር የአላዋቂ ሰው ምልክት አለመሆኑን ነው። የተራቆተ አፈር የሚያሳየን ገለባው አስቀድሞ ለሌላ የተሰጠ መሆኑን ነው፤ ለበሬው፣ ለግድግዳው፣ ለእሳቱ፣ ለገበያው፣ ለመንደሩ ከብት። ገበሬውን «አታውቅም» ብሎ የሚጀምር ምክር ይህን ሁሉ አያይም፤ ስላላየውም አይሰማም። ገበሬው ምክሩን አለመቀበሉ ደግሞ ተመልሶ የአላዋቂነቱ ማስረጃ ተደርጎ ይጻፋል። እንዲህ ያለው ክብ በእኛው የጥናት ወረቀቶች ውስጥም እንደሚዞር ማስተዋል አለብን።

ለተማሪዎቻችን የማቀርበው ጥሪ እንግዲህ ይህ ነው። ወደ ገጠር ስትወጡ ከመጠይቃችሁ ላይ «ስለ ጉዝጓዝ ያውቃሉ?» የሚለውን ጥያቄ ሰርዙና በምትኩ «ገለባዎን በዓመቱ ውስጥ ለምን ለምን አዋሉት? በመስከረምስ ከግቢዎ የሚወጣው ጥራጊ የት ይደፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛውን ጥያቄ እማወራዋን ጠይቋት፤ ሎሚው በማን እጅ እንደ ተተከለና እንደ ተረፈ የምታውቀው እርሷ ናት።